የታችኛው ሰፈር ቧንቧዎች

ሰኞ፣ ኦክቶበር 9

ደመናው በየከሰዓቱ ይቆለላል፣ ያጉረመርማል፣ ከዚያ ጠብታ ሳይጥል ይበተናል። ዝናቡ ቢያንስ አምስት ሳምንት ይቀረዋል። እስከዚያ እርስ በርሳችን ስንናከስ እንከርማለን፤ ውሾቹም እንደዚሁ።

ክሬግ ደወለ። የጤና መምሪያው ሰውዬ ነው፤ በዓመት ሁለቴ ከከተማ በትንሿ አውሮፕላን መጥቶ፣ ጥላ ፈልጎ፣ ሳንድዊቹን በልቶ የሚመለሰው። እኔ የምመራውን የማኅበረሰባችንን ጥናት «የመጀመሪያ ውጤት» እስከ ሐሙስ ይፈልጋል።

«ሁለት ገጽ ብቻ ኖሊን! ሚኒስትሯ የቤቶቻችሁን የውሃ ጥገና የምትወስነው ዓርብ ነው። ከዓርብ በኋላ ጥራዝ ሙሉ ብታመጪ ማን ያነብልሻል?»

እውነቱን ነው። የሚያስጠላኝም እውነቱን መሆኑ ነው።

ሁለት ዓመት ሙሉ ቤት ለቤት ዞረናል። የማን ቧንቧ ይሠራል፣ የማን ሻወር ተበላሽቷል፣ የየትኛው ቤት ልጅ ቁስል አለበት። ውሃ ያጣ ልጅ ቁስል ያወጣል፣ ቁስሉ ሲመላለስ ልቡን ይጎዳዋል። እዚህ የተወለደ ሁሉ ይህን ያውቃል፤ መንግሥት ግን ከእኛ ከአገሬው ተወላጆች በቁጥር ካልተነገረው ጆሮ የለውም። የወንድሜ ልጅ ታኒሻ ዘጠኝ ዓመቷ ነው። ልቧ ስለተነካ በየአራት ሳምንቱ ፔኒሲሊን ትወጋለች። ጥገናው ከዝናቡ በፊት ካልተጀመረ መንገዱ በጎርፍ ይዘጋል፤ ከዚያ እስከ ሜይ ድረስ አንድም ቧንቧ ሠሪ እዚህ አይደርስም።

ግን ስምምነት አለን። ውጤቱን መጀመሪያ የሚሰማው የራሳችን ሰው ነው፣ ማንጎው ጥላ ሥር ተቀምጦ። መንግሥት ከዚያ በኋላ። ስምምነቱን የጻፍኩት እኔ ነኝ፤ የፈረመችው የክሊኒኩ ኮሚቴ ሰብሳቢ አክስት ሜቪስ ናት። አሁን ወንድሟ ሞቶ ታችኛው ሰፈር ለቅሶ ላይ ነው። ለቅሶው ሳያበቃ ስብሰባ የለም። ይህን ለክሬግ ስነግረው «ስንት ቀን ይፈጃል?» አለኝ፣ የመኪና ጥገና ቀጠሮ እንደሚጠይቅ ሰው።

ማክሰኞ፣ ኦክቶበር 10

ፊሊፓም ላኪው አለች። ከዩኒቨርሲቲ ሆና ቁጥሩን የምትሠራልን ዶክተር ናት። «አናቱ ላይ ጊዜያዊ ውጤት ብለን እንጽፍበታለን፣ ምን ያስጨንቅሻል?» ትላለች። እኔ መቼ ተጨነቅሁ አልኩ። ተጨንቄያለሁ።

መረጃ ሰብሳቢያችን ሌስተር ቅጾቹን ሳጥን ውስጥ ሲደረድር ቆየና፣ «አለቃ፣ የእነዚያን ሴቶች ቤትስ ማን ጠየቀ?» አለኝ።

«የትኞቹን?»

በከንፈሩ ወደ ታችኛው ሰፈር ጠቆመ። አክስት ሜቪስ አማቱ ናት። ስሟን አይጠራም፣ እሷም እህቶቿም ያሉበት ደጅ አይደርስም፣ መንገድ ላይ ካያት ፊቱን ወደ ዛፍ ያዞራል። ወጋችን ነው። አባቴም እንዲሁ ያደርግ ነበር።

«ወረቀቱ ሁሉ ገብቷል ሌስተር። ሥራ ይዣለሁ።»

«እሺ አለቃ።»

ሐሙስ፣ ኦክቶበር 12

ጥድፊያ። መብራት ሁለቴ ጠፋ።

ውጤቱ ያልጠበቅነው ነው። ላይኛው ሰፈር፣ ቧንቧው በተሰበረበት ቤት ልጆቹ ቁስለኛ ናቸው፤ ይህን ጠብቀናል። ታችኛው ሰፈር ግን አሥራ አንዱም ቤት ቧንቧው ይሠራል፣ ልጆቹ ደግሞ ከሁሉም የባሱ ናቸው። ፊሊፓ «አስገራሚ ነው» አለች። እኔም አስገራሚ ነው አልኩ። አንድ ዐረፍተ ነገር ጻፍንበት፦ «የውሃ መኖር ብቻውን ሕመሙን አይቀንስም።»

ታኒሻ እዚያ ነው የምትኖረው፣ ከእናቷ እናት ከአክስት ሜቪስ ጋር። እዚያ ቤት መጨረሻ የሄድኩት መቼ ነበር? ፋሲካ መሰለኝ። ከመኪና ሳልወርድ ነበር።

ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ላይ ላክሁት።

ቅዳሜ፣ ኦክቶበር 14

ለቅሶ ደረስኩ። አክስት ሜቪስ ግንባሯን የለቅሶ ነጭ አፈር ተቀብታ ደጅ ፍራሽ ላይ ተቀምጣለች። እህቶቿ ዙሪያዋን ከበዋታል። ፍራሹ ጫፍ ላይ ተቀመጥኩ። ከዚያ እጄን ያዘችኝ።

«ወረቀቱስ የት ደረሰ ልጄ?»

«እየተሠራ ነው አክስቴ።»

«ለእኛ ሳትነግሪ ለማንም እንዳትሰጪ። እነዚያ ሰዎች ወሬያችንን ከእኛ በፊት ሲሰሙ ነገር ይበላሻል።»

«እሺ አክስቴ።»

ዳቦ ቆርሳ ሰጠችኝ። በላሁት። ወረቀቱን ለክሬግ ከሰጠሁ ሁለት ቀኔ ነበር፤ ያን ዳቦ ግን በላሁት፣ ደግማ ስትሰጠኝም ተቀበልኩ።

ረቡዕ፣ ኦክቶበር 25

ሚኒስትሯ በሬዲዮ ተናገረች። ጥገናው «ለጊዜው» ተላልፏል። ምክንያቱም «ከማኅበረሰቡ ከራሱ የመጣ ጥናት» ችግሩ የውሃ ሳይሆን የልማድ መሆኑን አሳይቷል። ስለዚህ የንጽሕና ትምህርት ይሰጠናል። ከማኅበረሰቡ ከራሱ! እኔ መሆኔ ነው።

ሱቅ ገብቼ ዱቄት ስወስድ፣ መብራት ሊጠግኑ ከመጡት ነጮች አንዱ ለጓደኛው፣ «ሰማህ? ውሃው አላቸው። መታጠብ ነው ያልፈለጉት» ሲል ሰማሁት። የሚጠላን ሰው ድምፅ አልነበረም፤ ስለ እግር ኳስ እንደሚያወራ ነው የተናገረው። ጓደኛውም ራሱን ነቀነቀ። ልመልስለት ዞርኩና ዱቄቱን ከፍዬ ወጣሁ። የሰማው የእኔን ዐረፍተ ነገር ነው፤ ትንሽ ብቻ አሳጥሮታል።

ለክሬግ ደውዬ ሰደብኩት። «እኛ እንዲህ አላልንም!» አልኩት። «ኖሊን፣ ገጽ ሁለት፣ ሦስተኛው መስመር» አለኝ። አንገፈገፈኝ። ሕዝባችንን የሚያዩት ልክ እንዳልታጠበ ሳህን ነው፣ አንሥቶ ከማየት በፊት ፊት መጨማደድ። ተናድጃለሁ። በእነሱ ላይ ነው።

ሰኞ፣ ኦክቶበር 30

ሳሙና መጣ።

ቀልድ አይደለም። አውሮፕላኗ ክሬግን፣ ሁለት ወጣት ሴቶችን፣ ድምፅ ማጉያ፣ ብዙ ካርቶን ፖስተርና የሳሙና ልብስ የለበሰ ሰው አወረደች። ሰማያዊ፣ ትልቅ፣ የሚስቅ ሳሙና። ኳስ ሜዳው ላይ ሙዚቃ ከፍተው አስጨፈሩት። ለቅሶ ላይ ነን! ሦስት ሳምንት ሙሉ በዚህ ሰፈር ማንም ሬዲዮውን እንኳ ጮክ አላደረገም። አዛውንቶቹ አንድ በአንድ እየገቡ በራቸውን ዘጉ። ክሬግን በእጁ ጎትቼ «አጥፋው» አልኩት። «አምስት ደቂቃ ብቻ፣ ልጆቹ ወደውታል» አለኝ።

ልጆቹማ ወደውታል። ሳሙናው እየተውረገረገ «ዛሬ የታጠበ ማነው?» ብሎ ጮኸ። ታኒሻ ከፊት ቆማለች፣ ሁለቱም ቅልጥሟ በፋሻ ተጠምጥሟል።

«አንተ ራስህ ታጥበሃል?» አለችው።

«እኔማ ሳሙና ነኝ!»

«ታዲያ ውሃ ስጠኝና እታጠብብሃለሁ!»

ልጆቹ በሳቅ ወደቁ። ክሬግም ሳቀ፣ እጁን አጨበጨበላት። እኔም ሳቅሁ። ከዚያ ቢሮዬ ገብቼ በሩን ዘጋሁ፣ ምን እንደነካኝ አላውቅም።

ረቡዕ፣ ኖቬምበር 1

ታኒሻ መርፌዋ አምልጧታል። ራሴ ልወስዳት ወረድኩ።

ቧንቧው በጨርቅ ታስሯል። ሻወሩ ግድግዳው ብቻ ነው የቀረው፣ ውስጡ ሳጥን ተደርድሮበታል። ልጆቹ ከትምህርት ቤቱ ቧንቧ በባልዲ ያመላልሳሉ። ታኒሻን «ከመቼ ጀምሮ ነው?» አልኳት። «ኧረ ከበፊቱ ዝናብ ጀምሮ ነው አክስቴ» አለችኝ፣ እንደ ሞኝ እያየችኝ።

ቢሮ ተመልሼ ሠንጠረዡን ከፈትኩ።

ቤት 34፦ ቧንቧ፣ ይሠራል። ሻወር፣ ይሠራል።
ቤት 35፦ ይሠራል። ይሠራል።

አሥራ አንዱም። ቅጾቹን ከሳጥን አወጣሁ። የቤቱ ቁጥር አለ። ሌላው ባዶ ነው።

ሐሙስ፣ ኖቬምበር 2

ሙሉ ቀን ታምሜያለሁ ብዬ ቤት ዋልኩ።

ነገሩን በሥርዓት ልጻፈው። ልጆቹ መታመማቸውን ከክሊኒኩ መዝገብ ነው የወሰድነው፤ ያ ትክክል ነው። ቧንቧውን ግን ቤት ለቤት መጠየቅ ነበረበት። ታችኛው ሰፈር ሁሉም የአክስት ሜቪስና የእህቶቿ ቤት ነው፤ ሌስተር ደግሞ እዚያ አይሄድም። ስለዚህ የቤቱን ቁጥር ጽፎ ሌላውን ባዶ ተወው። ለምን አልነገረኝም? አንድ ቃል ቢናገር ምን ነበረበት?

ነግሮኝ ነበር መሰለኝ። ማርች ላይ። «አለቃ፣ የእነዚያን ቤት ሴት ትሂድበት» ብሎኛል። እኔም «ተወው፣ እኔ ራሴ እሄዳለሁ» ያልኩት ይመስለኛል። ከዚያ ስልጠና መጣ፣ ሪፖርት መጣ፣ ሁለት ጊዜ ወደ ከተማ ተመላለስኩ።

ከዚያ ፊሊፓ ደወለች። አውሮፕላን ማረፊያ ነበርኩ፣ ሰልፍ ላይ። «ባዶ የሆነው ምን ማለት ነው?» ብላ ጠየቀችኝ። ላይኛው ሰፈር ባዶ ማለት ችግር የለም ማለት ነበር፤ እዚያ ቅጹን የሚሞሉት ወጣቶች የሚጽፉት የተሰበረ ሲያገኙ ብቻ ነው። ስለዚህ «ችግር የለም ማለት ነው» አልኳት። ከጀርባዬ የቆመ ሰውዬ በሻንጣው እየገፋኝ ነበር። ይህንንም አስታውሳለሁ፣ ሻንጣውን።

ማንም በዚያ ሁኔታ እንዲሁ ይመልስ ነበር።

ዓርብ፣ ኖቬምበር 3

ለሁለቱም ነገርኳቸው። ፊሊፓ «በመጨረሻው ሪፖርት እናስተካክለዋለን» አለች። የመጨረሻው ሪፖርት የሚቀጥለው ዓመት ነው። ክሬግ ደግሞ፣ «ሚኒስትሯ ካወጀች በኋላ እንዴት አድርጌ? የማስተካከያ ደብዳቤ ጻፉ፣ ፋይሉ ውስጥ እናስገባዋለን። ጥገናውን ከዝናቡ በኋላ እናየዋለን።» የሌስተርንና የአማቱን ነገር ላስረዳው ሞከርኩ። «ቆይ፣ ቆይ! ሰውየው አማቱን ፈርቶ ነው እንዲህ የሆነው?» ብሎ ከት ብሎ ሳቀ። ስልኩን ጆሮው ላይ ዘጋሁበት። ያ ሳቅ! እኛን ለመናቅ ሰበብ ባጣ ጊዜ ይህን ደግሞ እኔው አቀበልኩት።

ፊሊፓ የደብዳቤውን ረቂቅ ልካለች። «በአካባቢው መረጃ ሰብሳቢ በኩል በተፈጠረ ስህተት» ይላል። ደግሜ አነበብኩት። ውሸት ነው ለማለት አይቻልም። ባዶውን የተወው እሱ ነው። ለሌላ ቀን አቆየሁት።

ሰኞ፣ ኖቬምበር 6

ታኒሻ ሌሊት አተኮሳት። ጉልበቷ አብጧል፣ መቆም አቃታት። የሐኪሞቹ አውሮፕላን ረፋድ ላይ ወሰዳት፣ አያቷም አብራ ሄደች። ለቅሶዋን ጥላ።

መርፌው ዘግይቶ ነበር። ቁስሉም አልደረቀ።

ረቡዕ፣ ኖቬምበር 8

ረቂቁን ማተሚያው ላይ ረስቼው ነበር። ሌስተር ይዞት ገባ። ቆሞ፣ ወረቀቱን በሁለት እጁ ይዞ።

«አለቃ፣ እዚህ ያለው ሰውዬ እኔ ነኝ?»

«ረቂቅ ነው ሌስተር። ፊሊፓ ናት የጻፈችው።»

«አንቺስ አነበብሽው?»

ጠረጴዛው ላይ ያለውን ብዕር አንሥቼ ክዳኑን ዘጋሁ፣ ከፈትኩ።

«እኔ እዚያ ደጅ ሄጄ ልጠይቅ ነበር? እንዴ! ሰው ምን ይለኛል? ሚስቴ ምን ትለኛለች? ነግሬሽ ነበር እኮ። እሄዳለሁ አልሽኝ፣ አመንኩሽ። እቤት ገብቼ ለሚስቴ 'ኖሊን ትሄዳለች' ብያታለሁ።»

«አውቃለሁ።»

«ታዲያ ለምን እንዲህ ይላል?»

ወረቀቱን በቀስታ አስቀመጠው። የቢሮውን መኪና ቁልፍም ከኪሱ አውጥቶ አጠገቡ አኖረው። ፀሐይ አናት በምትበሳበት ሰዓት በእግሩ ሄደ። ልከተለው እችል ነበር። በመስኮት እስኪሰወር አየሁት።

ደብዳቤው አሁንም አልተላከም። ስለ ሌስተር የሚለው ሐረግም አልተሰረዘም። ይህን የጻፍኩት ማንም ስለማያነበው ነው።

ዓርብ፣ ኖቬምበር 17

ትናንት ማታ የመጀመሪያው ዝናብ ጣለ። መንገዱ ዛሬ ጠዋት ተዘጋ። አለቀ፣ ዘንድሮ ቧንቧ ሠሪ የለም።

ከሆስፒታሉ ተደወለ። የታኒሻ የልብ ቫልቭ ጉዳት ብሷል፤ ቀዶ ሕክምና ያስፈልጋታል። እናቷ አብራት ናት። አክስት ሜቪስ ዛሬ በአውሮፕላን ተመለሰች፣ ለቅሶውን ለመዝጋት። ስብሰባው ነገ ነው።

«በአካባቢው መረጃ ሰብሳቢ በኩል» የሚለውን ሰረዝኩት። አሁን «በተፈጠረ ስህተት» ብቻ ይላል። ማንንም አይነካም። ጥሩ ነው።

ጥሩ አይደለም። የተፈጠረ! ራሱን የፈጠረ ይመስል። ሚኒስትሯም ስትናገር እንዲህ ነው የምትናገረው።

ቅዳሜ፣ ኖቬምበር 18

ሁሉም መጣ። መሬቱ ገና እርጥብ ስለሆነ ሰው ብርድ ልብስ እያነጠፈ ተቀመጠ። አክስት ሜቪስ ግንዱን ተደግፋለች። ሌስተርም መጣ፤ ከሁሉም ርቆ፣ ጀርባውን ሰጥቶ፣ የውሃ ታንከሩ ሥር ተቀመጠ። እንዲህ ሆኖ ነው ሰብሳቢዋ አማቱ የሆነችበትን ስብሰባ የሚሰማው።

ተነሥቼ ተናገርኩ። ሳትሰሙት ላክሁት አልኩ። አሥራ አንድ ቤት አልተጠየቀም፣ ባዶውን እኛ ይሠራል ብለን ቆጠርነው፣ ሚኒስትሯም ያንን ይዛ ጥገናውን አስተላለፈች አልኩ። ደብዳቤውን አነበብኩላቸው። «በተፈጠረ ስህተት» የሚለውን ቶሎ ብዬ አለፍኩት።

ከኋላ አንዱ ጎረምሳ «ሌስተር ነዋ! እሱ አይደል ወረቀቱን የሚይዘው?» ብሎ ጮኸ። የሌስተር ጀርባ አልተንቀሳቀሰም። ጥቂት ሰው አጉረመረመ። እኔም ዝም አልኩ፤ አንድ ትንፋሽ፣ ምናልባት ሁለት። ያችን ዝምታ እድሜ ልኬን እጸየፋታለሁ።

አክስት ሜቪስ እጇን አነሣች። ወደ ታንከሩ አላየችም።

«ያ ሰው ደጄን ያልረገጠው አክብሮኝ ነው። አሥራ አራት ዓመት እንዲህ አክብሮኛል። ስለ እሱ አንድ ቃል እንዳልሰማ።» ከዚያ ወደ እኔ ዞረች። «አንቺስ? ለአንቺ አማትሽ አይደለሁም። ደጄ ለአንቺ መቼም ተዘግቶ አያውቅም። አንቺን ምን ያዘሽ?»

ስልጠናው ነበረኝ፣ ሪፖርቱ ነበረኝ፣ የሻንጣው ሰውዬ ነበረኝ። ሁሉንም ስደረድር ከርሜያለሁ።

«ረሳኋችሁ» አልኩ።

ከእህቶቿ አንዷ መሐረቧን አፏ ላይ አደረገች። አክስት ሜቪስ አየችኝ፤ ዓይኗ በለቅሶና በሆስፒታል ወንበር ቀልቷል።

«ወረቀቱን አውጪ» አለች። «የተፈጠረ ምናምን የሚለውን ሰርዢ። አሁን ለእኛ ያልሽውን ጻፊ። ለሚኒስትሯም ይድረሳት፣ ለሬዲዮውም ይድረሰው።»

ጉልበቴ ላይ አድርጌ ጻፍኩት። ላሳያት ስዘረጋላት አልተቀበለችኝም።

«አንብቢው። ጮክ ብለሽ፤ ርቆ የተቀመጠም ይስማ።»

ቆሜ አነበብኩ። «የታችኛውን ሰፈር አሥራ አንድ ቤቶች ሄጄ እንድጠይቅ ተነግሮኝ ነበር። እሄዳለሁ ብዬ ረሳኋቸው። መረጃ ሰብሳቢው ጥፋት የለበትም። የላክንላችሁ ውጤት ሐሰት ነው። ኖሊን።»

መሐሉን ዝቅ አድርጌ ስላነበብኩት ታንከሩ ድረስ አልተሰማም።

«እንደገና» አለች።

እንደገና አነበብኩት።